የአሞርዛተሩ ልክ፤ ከፋብሪካ ወደ ቴላዮ ሠሪ የሚሻገር ንድፍ አጭር ታሪክ

የተራራ ብስክሌት ቴላዮ የሚሠራ ባለሙያ ቱቦ ከመቁረጡ አስቀድሞ አንድ ችግር ይጠብቀዋል። የኋላውን ጎማ ከቴላዮው ጋር የሚያገናኘው አሞርዛተር እርሱ ያልሠራው፣ ውስጡንም የማያውቀው፣ ከሌላ ፋብሪካ በዋጋ የሚገዛው ዕቃ ነው። ይህ ዕቃ ግን በቴላዮው መካከል ተቀምጦ ሥራውን የሚሠራው በመንቀሳቀስ ነው፤ ጎማው ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ይጨመቃል፣ ይዘረጋል፣ በታሰረባቸው ሁለት ነጥቦች ላይም ጥቂት ዲግሪ ይዞራል። የጋዝ ማጠራቀሚያው ከጎኑ ወጥቶ የተሰቀለለት ከሆነ ደግሞ፣ አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው በተጨመቀ ጊዜ ማጠራቀሚያው ከቱቦ ጋር እንዳይጋጭ ጥቂት ሚሊሜትር ክፍት ቦታ መተው ግድ ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያው የዕቃውን ትክክለኛ ቅርጽና ልክ አስቀድሞ ሊያገኝ ይገባዋል። በዛሬው ዘመን የሚፈልገውም በወረቀት የተሣለ ሥዕል ብቻ ሳይሆን፣ በኮምፒዩተር ውስጥ ከራሱ ንድፍ ጋር አጋጥሞ የሚያንቀሳቅሰው፣ በተለምዶ ካድ የሚባለው ባለ ሦስት አውታር ሞዴል ነው።

ለአምራቹ ደብዳቤ ጽፎ ይህን ሞዴል መጠየቅ ቀላል ነገር ይመስላል። መልሱ ግን እንደ ጠያቂው ማንነት ይለያያል። በዓመት ብዙ ሺህ ቴላዮ የሚያወጣ ፋብሪካ ሞዴሉን ከነሙሉ ልኩ በውል ይቀበላል፤ በጓሮው አሥር ቴላዮ የሚበይድ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ገጽ ሥዕል ተሰጥቶት ይሰናበታል፤ መልስ የማያገኝበትም ጊዜ አለ። ነገሩ ብስክሌትን ብቻ የሚመለከት ቢመስልም፣ የአንድን ዕቃ ልክ ማን ያያል፣ ማንስ አያይም የሚለው ጥያቄ የሥራ ሥዕል ራሱ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ የነበረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገነዘቧል።)

በ18ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር በሜዚዬር ከተማ የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ነበረ። ጋስፓር ሞንዥ የተባለው የነጋዴ ልጅ ከመኳንንት ወገን ባለመወለዱ ከዕጩ መኮንኖች ጋር ሊማር ስላልተፈቀደለት፣ በዚያው ትምህርት ቤት በሥዕል ሠራተኛነት ተቀጠረ። በ1760ዎቹ አጋማሽ አንድ የምሽግ ግንብ ከጠላት ተኩስ ሊሰወር የሚችልበትን ከፍታ እንዲያወጣ ታዘዘ። ሥራው በዚያን ጊዜ ረዥምና አድካሚ የቁጥር ስሌት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሞንዥ ግን የነገሩን ምስል በሁለት ጠፍጣፋ ገጾች ላይ ጥሎ መሥመሮቹን በማገናኘት ብቻ መልሱን አገኘ። ኃላፊው መኮንን፣ ሥራው በዚህ ፍጥነት ሊያልቅ አይችልም ብሎ መጀመሪያ ለመመርመር እንኳ እንቢ ማለቱ ይነገራል። ትክክለኛነቱ በተረጋገጠ ጊዜ ደግሞ ዘዴው የጦር ምስጢር ሆኖ ተቆለፈበት። ሞንዥ ያገኘውን በአደባባይ ለማስተማር የቻለው ከአብዮቱ በኋላ በ1795 በፓሪስ ሲሆን፣ ትምህርቱም በመጽሐፍ የወጣው በ1799 ነው። ዛሬ በየቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ጀማሪ ተማሪ አንድን ዕቃ ከፊት፣ ከላይና ከጎን የሚሥልበት ሥርዓት፣ እንግዲህ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል በመንግሥት ካዝና ተዘግቶ የቆየ ዕውቀት ነበር።

ሥዕል መሣል ከታወቀ በኋላ የቀረው ችግር ልኩ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ የብረታ ብረት ሥራ ቤት የብሎን ጥርስ የሚያወጣው በራሱ ልክ ስለነበረ፣ የአንዱ ሥራ ቤት ብሎን ለሌላው ዳዶ አይሆንም ነበር። ጆሴፍ ዊትዎርዝ በአገሩ ካሉ ሥራ ቤቶች ብሎኖችን ሰብስቦ አማካይ ልካቸውን ካወጣ በኋላ፣ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ የሆነ አንድ ወጥ ሥርዓት በ1841 ለመሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። በአሜሪካ ዊልያም ሴለርስ በ1864 የራሱን ሥርዓት ሲያቀርብ ማዕዘኑን 60 ዲግሪ አደረገው፤ ምክንያቱም ለመካከለኛ ባለሙያ 60 ዲግሪ ማውጣትና መፈተሽ ይቀላል የሚል ነበር። ሁለቱ አገሮች ከካናዳ ጋር በአንድ የብሎን ጥርስ የተስማሙት፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ችግሩን በግልጽ ካሳያቸው በኋላ፣ በ1948 ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዊትዎርዝም ሆነ ሴለርስ ልካቸውን በምስጢር አለመያዛቸው ነው። የብሎን ልክ ጥቅም የሚሰጠው ሁሉም ሲያውቀው ነውና።

ኮምፒዩተር ወደ ሥዕል ጠረጴዛ በመጣ ጊዜ የሞንዥ ታሪክ በጥቂቱ ተለውጦ ተደገመ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ ሁለት የመኪና ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ችግር ነበረባቸው፤ ይኸውም የመኪናን ገላ የተቀለበሰ ቅርጽ በቁጥር የሚገልጹበት መንገድ ማጣታቸው ነው። በሲትሮኤን የነበረው ፖል ደ ካስቴልዦ መፍትሔውን በ1959 አገኘ፤ ፋብሪካው ግን ሥራውን በምስጢር ያዘበት። በሬኖ የነበረው ፒየር ቤዚዬ ጥቂት ዘግየት ብሎ በራሱ መንገድ ወደዚያው ደረሰ፤ እርሱ ግን ጽፎ አሳተመ። ዛሬ ያ የመሥመር ዓይነት በዓለም ሁሉ የሚጠራው በቤዚዬ ስም ነው። ደ ካስቴልዦ ከ1970ዎቹ ወዲህ ስሙ ለስሌቱ ዘዴ እንዲሰጥ የተደረገው ሌሎች ሊቃውንት ወረቀቱን ካገኙት በኋላ ነው። ሲትሮኤን በምስጢሩ ምን ያህል እንዳተረፈ መናገር ያስቸግራል፤ ባለቤቱ ግን ስሙን ማጣቱ ግልጽ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ሊነገር ይችላል። አይቫን ሰዘርላንድ በ1963 በአሜሪካ በኤም አይ ቲ ባቀረበው የዶክተርነት ጽሑፍ በብርሃን ብዕር በመስተዋት ላይ መሣል እንደሚቻል አሳየ። በ1970ዎቹ ትልልቆቹ የአውሮፕላንና የመኪና ፋብሪካዎች የየራሳቸው የንድፍ ፕሮግራም ነበራቸው፤ አንዱ የሠራውን ግን ሌላው ሊከፍተው አይችልም ነበር። ይህ የዊትዎርዝ ዘመን ብሎን እንደገና መጣ ማለት ነው። ስለዚህ በ1980 አይጀስ የሚባል የጋራ የፋይል አጻጻፍ ታተመ፤ ይኸኛው መሥመርና ገጽ ያስተላልፍ ነበር እንጂ ገጾቹ ተቀባዩ ዘንድ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያቸው ተከፍቶ ይገኝ ነበር። በ1984 የተጀመረውና የመጀመሪያ ክፍሎቹ በ1994 በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የወጡት ስቴፕ የተባለው አጻጻፍ ድፍን አካልን እንደ ድፍን አካል ለማስተላለፍ ቻለ። በስቴፕ የሚተላለፈው ግን በተለምዶ ቅርጹ ብቻ ነው። ንድፍ አውጪው በየትኛው ልክ ጀምሮ የትኛውን በየትኛው ላይ እንደ መሠረተ፣ አንዱ ልክ ቢለወጥ የትኛው ተከትሎት እንደሚለወጥ በፋይሉ ውስጥ አይገኝም። አምራቾች ለደንበኛ ሞዴል መስጠት ሲፈልጉ ስቴፕን የሚመርጡት ስለ ተስማሚነቱ ብቻ እንዳልሆነ መገመት አያዳግትም፤ ቅርጹን እየሰጠ አሳቡን ያስቀራልና።

አሁን ወደ ተራራ ብስክሌት እንመለስ። ይህ የብስክሌት ዓይነት የተወለደው በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን በሚገኘው በማሪን አውራጃ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ጥቂት ወጣቶች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩ ከባድ የሽዊን ብስክሌቶችን ከአሮጌ ዕቃ ቤት እየገዙ በተራራ መንገድ ቁልቁል ይነዱ ነበር። በ1976 ሪፓክ በተባለው መንገድ ላይ የሰዓት ውድድር ጀመሩ። መንገዱ ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ውስጥ 400 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከኋላ ጎማው ፍሬን ነው፤ ፍሬኑ ከመጋሉ የተነሣ በውስጡ ያለው ግራሶ ጨሶ ያልቅና እንደገና ግራሶ መሙላት ግድ ይሆን ነበርና። ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚህ አነዳድ ተብሎ የተሠራውን አዲስ ቴላዮ ሲበይድ የማዕዘኖቹን ልክ የወሰደው ከአሮጌው ሽዊን ነበር። ማንም ሥዕል አልሰጠውም፤ ዕቃው በፊቱ ስለነበረ ለካ። እንደዚህ ባለ ቴላዮ ላይ ምንም የሚታጠፍ ነገር ስለሌለ፣ የማዕዘን መለኪያና ሜትር ይበቃ ነበር። በ1979 ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ የቶም ሪቺን ቴላዮዎች ለሕዝብ መሸጥ ጀመሩ፤ በ1981 ደግሞ ስፔሻላይዝድ የተባለው ድርጅት በፋብሪካ የተመረተውን ስተምፕጃምፐር አወጣ።

የልክ ጥያቄ የከበደው ሞላ በመጣ ጊዜ ነው። ፖል ተርነር ከስቲቭ ሳይመንስ ጋር ሆኖ ሮክሾክስ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ በ1989 በአየርና በዘይት የሚሠራ የፊት ሹካ አወጣ። ሹካው የሚገባው 50 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ላለ ጋላቢ ይህ ከቀልድ የማይቆጠር ነው። ሆኖም በ1990 በኮሎራዶ በዱራንጎ በተደረገው የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም ሻምፒዮና ግሬግ ኸርቦልድ በዚህ ሹካ የቁልቁለቱን ውድድር አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬው ረገበ። ቴላዮ ሠሪዎች ግን ወዲያውኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሞላ ያለው ሹካ ከድፍኑ ሹካ ይረዝማል። የፊት ለፊቱ ጫፍ በ20 ሚሊሜትር ከፍ ባለ ቁጥር የመሪው ቱቦ ማዕዘን አንድ ዲግሪ ያህል ይጋደላል፤ ብስክሌቱም በመሪ በኩል ይከብዳል፣ ቀስ ብሎም ይዞራል። ስለዚህ ቴላዮ ሠሪው የሹካውን ርዝመት ከፔርኖው እስከ አናቱ ድረስ ማወቅ ነበረበት፤ ሹካው ደግሞ በየዓመቱ ይለወጥ ነበር። አንድ የገዛ ቴላዮው ማዕዘን በሌላ ሰው ፋብሪካ ውስጥ የሚወሰንበት ዘመን የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኋላው አሞርዛተር ከዚህ የባሰ ነበር። የፊት ሹካ ለብቻው የቆመ ዕቃ ነው፤ ርዝመቱና የአንገቱ ውፍረት ከታወቀ ይበቃል። የኋላው አሞርዛተር ግን የሚሠራው በቴላዮው ክንዶች መካከል ነው። የኋላው ጎማ 150 ሚሊሜትር እንዲወጣና እንዲወርድ ተፈልጎ አሞርዛተሩ ግን የሚጨመቀው 60 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ክንዱ በአማካይ ሁለት ተኩል እጥፍ ያባዛል ማለት ነው፤ ጎማው ላይ ያለው ኃይል አሞርዛተሩ ዘንድ ሁለት ተኩል እጥፍ ሆኖ ይደርሳል። ይህ ብዜት በጉዞው መጀመሪያና መጨረሻ እኩል አይደለም፤ ንድፍ አውጪው ዕውቀቱን የሚያሳየው ይህን ኩርባ በመቅረጽ ነው። የአሞርዛተሩ ዓይን በ2 ሚሊሜትር ቢዛባ ኩርባው ይለወጣል። በእጅ ስሌት ይህን ማውጣት የሚቻል ቢሆንም እጅግ አድካሚ ነው፤ የኮምፒዩተር ሞዴል አስፈላጊነትም እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣ ሌላ ታሪክ አለ። ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ሆርስት ላይትነር፣ አስቀድሞ በሞተር ብስክሌት ሥራ የታወቀ ሰው፣ የኋላውን ታችኛ ክንድ ከጎማው ፔርኖ ትንሽ ቀደም ብሎ በሚገኝ መዞሪያ ከፈለው። በዚህ ምክንያት ፔርኖው ያለበት ክፍል ከዋናው ክንድ ተለይቶ መንቀሳቀስ ቻለ፤ ፍሬን በሚያዝበትም ጊዜ የኋላው ሞላ እንደ ቀድሞው አይደርቅም ነበር። ላይትነር በዚህ ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ስፔሻላይዝድ በመጀመሪያ በፈቃድ ሲጠቀምበት ቆይቶ በ1998 መብቱን ራሱ ገዛው። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ገበያ መዞሪያውን በዚያ ቦታ ማድረግ የሚፈልግ ሁሉ ወይ ይከፍል ወይ መዞሪያውን ከፔርኖው በላይ ወዳለው ክንድ ያዛውር ነበር። የመብቱ ዘመን በ2013 አበቃ።

የዚህ ነገር ባሕርይ ሊስተዋል ይገባል። የፈጠራ ባለቤትነት መብት የሚሰጠው ባለቤቱ ሥዕሉን ለሕዝብ ግልጽ በማድረጉ ነው፤ የላይትነርን መዞሪያ ማንም ሰው ከመንግሥት መዝገብ አውጥቶ ከነቁጥሩና ከነማብራሪያው ሊያነበው ይችል ነበር፤ ሠርቶ መሸጥ ግን አይችልም። አሞርዛተሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዕቃውን ማንም ሰው ከሱቅ ገዝቶ በቴላዮው ላይ ሊያስረው ይችላል፤ ሥዕሉን ግን አያገኝም። አንዱ የሚነበብና የማይሠራ፣ ሁለተኛው የሚሠራና የማይነበብ ነው። ትንሹ ቴላዮ ሠሪ ሃያ ዓመት ያህል በሁለቱ መካከል ሆኖ ኖረ።

አሞርዛተሮቹ የሚሠሩባቸው ልኮች ደግሞ ከአሜሪካ ኢንች የመጡ ነበሩ። ከዓይን እስከ ዓይን ያለው ርዝመትና የጭመቃው ርዝመት በጥንድ ይነገራል፤ 165 በ38፣ 190 በ50፣ 200 በ57፣ 216 በ63፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። በሚሊሜትር ሲነበቡ ሥርዓት የሌላቸው የሚመስሉት ከ6 ኢንች ተኩልና ከ7 ኢንች ተኩል እየተመነዘሩ ስለመጡ ነው። አንድ ቴላዮ አምራች የተለየ ልክ ሲፈልግ ሌላ ጥንድ ይጨመራል፤ ዝርዝሩም በየዓመቱ እየረዘመ ሄደ። በ2016 ሮክሾክስ ሜትሪክ ያለውን አዲስ ሥርዓት አወጣ፤ 190፣ 210፣ 230፣ 250 ሚሊሜትር የሚሉ አራት ዋና ርዝመቶች ያሉት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ርዝመት የጭመቃው መጠን በ2.5 ሚሊሜትር እርከን ይለያያል። ከእነርሱም ጎን ትረኒየን የሚባለው አሠራር ተጨመረ፤ በዚህኛው የላይኛው ዓይን ተወግዶ ብሎኖቹ በቀጥታ ከአሞርዛተሩ ገላ ግራና ቀኝ ይታሰራሉ፤ ከዚህም የተነሣ ለተመሳሳይ ጭመቃ ርዝመቱ በ25 ሚሊሜትር ያጥራል፤ 230 የነበረው 205፣ 210 የነበረው 185 ይሆናል ማለት ነው።

ይህ በእውነቱ የተሻለ ሥርዓት ነው። በተመሳሳይ ጭመቃ አሞርዛተሩ ረዘም ስለሚል በውስጡ የሚንሸራተቱት ክፍሎች ይበልጥ ይደራረባሉ፣ ከጎን ለሚመጣ ጫናም ይጸናሉ። (ሜትሪክ ተብሎም በዓይኑ ውስጥ ያለው ቀዳዳ 12.7 ሚሊሜትር፣ ማለትም ግማሽ ኢንች እንደሆነ ቀረ፤ አሮጌ ልክ እንዲህ በቀላሉ አይሞትም።) ይሁን እንጂ ውሳኔውን የወሰነው የደረጃ ድርጅት ወይም የቴላዮ ሠሪዎች ማኅበር አልነበረም፤ አንድ የአሞርዛተር አምራች ነው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። 200 በ57 የሚቀበል ቴላዮ ያለው ሰው ቴላዮው ገና ጤነኛ ሳለ የሚመርጠው አዲስ አሞርዛተር ቁጥር እየጠበበ ሄደ። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የአሮጌውን ልክ ሞዴል ያስቀመጠ ቴላዮ ሠሪም ንድፉን እንደገና መጀመር ነበረበት።

እንግዲህ አምራቾች ሞዴላቸውን የማይሰጡበት ምክንያት ምንድን ነው? የተለመደው መልስ የምስጢር ነገር ነው፤ ዘይቱ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎችና ስስ የብረት ዝርግፎች አቀማመጥ የአሞርዛተሩ ነፍስ ስለሆኑ ተወዳዳሪ እንዳያያቸው ይፈለጋል። ይህ እውነት ቢሆንም ለጉዳዩ በቂ አይደለም። ቴላዮ ሠሪው የሚፈልገው የውጭውን ገላ ብቻ ነው፤ ምስጢሩን የሚፈልግ ተወዳዳሪ ደግሞ ዕቃውን ከሱቅ ገዝቶ በአንድ ከሰዓት ሊፈታው ይችላል። የበለጠ ክብደት ያለው ምክንያት ኃላፊነት ይመስላል። ዕቃው በየዓመቱ ትንሽ ይለወጣል፤ የማጠራቀሚያው አንገት በ4 ሚሊሜትር ይዛወራል፣ የመቆጣጠሪያው ቁልፍ ይወፍራል። የአምናውን ሞዴል ይዞ የዘንድሮውን ዕቃ የገዛ ሰው ቱቦው ቢፋቅበት ወይም ቢሰነጠቅበት ሞዴሉን የሰጠው ፋብሪካ ይከሰሳል። ለአንድ ትልቅ ደንበኛ ለውጡን በየጊዜው ማሳወቅ ይቻላል፤ ለአንድ ሺህ ትንንሽ ጠያቂዎች ግን ይህን የሚከታተል ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ እነርሱም ሁሉ ተደምረው የሚገዙት የአንድ ትልቅ ፋብሪካ የአንድ ሳምንት ትእዛዝ ላይሞላ ይችላል።

ከዚህ የተነሣ መካከለኛ መንገድ ተለመደ። ለጠያቂው የሚላከው ሞዴል ዕቃውን ሳይሆን ዕቃው የሚንቀሳቀስበትን ቦታ የሚያሳይ ነው፤ ቁልፉ፣ የአየር መሙያው፣ ማጠራቀሚያው ሁሉ በአንድ ለስላሳ ቆዳ ተሸፍኖ፣ ሊደርስ በሚችልበት ከፍተኛ መጠን ተስፍቶ ይቀርባል። ከዚህ ቆዳ ውጭ የቀረ ቴላዮ አይነካም ማለት ነው። የሮክሾክስ ባለቤት የሆነው ስራም የተባለው ድርጅት ለሁሉም የሚታይ የቴላዮ መግጠሚያ ልኮች ሰነድ እስከ ማውጣት ደርሷል፤ በዚህም ሰነድ ቢያንስ ክፍት መተው ያለበት ቦታ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ለጥንቁቅ ባለሙያ ይህ ከውብ ሞዴል ይበልጥ ሊጠቅመው ይችላል፤ ሞዴል ዕቃው ምን እንደሆነ ያሳያል እንጂ እስከምን ሊለያይ እንደሚችል አይናገርምና።

የኩሽኔታ ፋብሪካዎችን አሠራር ከዚህ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በአንድ የኋላ ክንድ መዞሪያ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው 6902 የተባለው ኩሽኔታ የውስጥ ቀዳዳው 15፣ የውጭ ዙሪያው 28፣ ስፋቱ 7 ሚሊሜትር ነው፤ ማንም ይሥራው ማን ልኩ ይኸው ነው። ስለዚህ የኩሽኔታ አምራቾች ሞዴሎቻቸውን ለጠየቀ ሁሉ ያለ ውል በነፃ ይሰጣሉ። ንድፍ አውጪው የእነርሱን ሞዴል በሥዕሉ ውስጥ ካስገባ፣ የግዢ ዝርዝሩ በሚጻፍበት ጊዜ ስማቸው አብሮ እንደሚገባ ያውቃሉ። ልኩ የሁሉ በሆነበት ቦታ ሻጮች ሞዴል ለመስጠት ይሽቀዳደማሉ፤ ልኩ የአንድ ፋብሪካ በሆነበት ቦታ ግን ሞዴሉ ይለመናል።

ነገር ግን ልክን በነፃ መስጠት ራሱ ሁልጊዜ ቸርነት ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ቅርብ ጊዜ የተፈጸመ ነገር አለ። የኋላውን የማርሽ ቀያሪ ከቴላዮው ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የአሉሚኒየም መስቀያ በየቴላዮው የተለያየ ስለነበረ፣ በተሰበረ ጊዜ ትክክለኛውን ማግኘት ለጋላቢው ሥቃይ ነበር። በ2019 ስራም ለሁሉም ቴላዮ የሚሆን አንድ መስቀያ አውጥቶ የመግጠሚያውን ልክ ለቴላዮ ሠሪዎች ያለ ክፍያ ሰጠ። ትንሹም ትልቁም ተቀበለው፤ በእርግጥም በየሱቁ የሚገኝ አንድ ዓይነት መስቀያ ለጋላቢው ትልቅ እፎይታ ነበር። በመጋቢት 2023 ድርጅቱ መስቀያ የማያስፈልገው፣ በዚያው በተሰጠው ልክ በቀጥታ ከቴላዮው ጋር የሚታሰር አዲስ የማርሽ ቀያሪ ለገበያ አቀረበ። በአራት ዓመት ውስጥ ብዙ ቴላዮ ሠሪዎች ገና ላላዩት ዕቃ መቀመጫ ሲያዘጋጁ ቆይተው ነበር። ተታለሉ ማለት አይቻልም፤ ልኩ እውነተኛ ነበር፣ ጥቅሙም እንዲሁ። ግን ስጦታው የሰጪውን የወደፊት ዕቅድ በውስጡ ይዞ ነበር።

ሞዴል ያላገኘው ባለሙያ እስከ ዛሬ የሚያደርገው ጆ ብሪዝ በ1977 ያደረገውን ነው፤ ዕቃውን ይገዛና ይለካል። ናሙና ይዞ ወደ ቶርኖ ቤት የሄደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሁለት ቀዳዳ መካከል በካሊፐር በቀጥታ አይለካም። ቀዳዳዎቹ እኩል ከሆኑ ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ሁለተኛው ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ይለካል፤ እኩል ካልሆኑ የውስጡና የውጭው ርቀት ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። አሞርዛተሩ በአየር የሚሠራ ከሆነ አየሩ ሙሉ መሆን አለበት፤ ባዶ ከሆነ ግን ከትክክለኛው ርዝመቱ አጥሮ ሊገኝ ይችላልና። የመጨረሻው ጭመቃ የሚታወቀው አየሩን አውጥቶ እስኪቆም በመግፋት ነው። ከዚያ በኋላ የገላው ውፍረት በየቦታው ይወሰዳል፤ ማጠራቀሚያው የተጋደለበት ማዕዘን ከሁሉ ያስቸግራል፤ እርሱም ፎቶግራፍ አንሥቶ በኮምፒዩተር ላይ መሥመር በመጣል ይገኛል። ሁለት ቀን ያህል የሚፈጅ ሥራ ነው።

እንዲህ የተሠሩ ሞዴሎችን ባለቤቶቻቸው ብዙ ጊዜ ለሌሎች ያካፍላሉ፤ በጋራ የሞዴል ማኅደሮችም ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ አሞርዛተሮችና ሹካዎች ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከፋብሪካው ሥዕል የማይተናነሱ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከማስታወቂያ ፎቶግራፍ ላይ የተገመቱ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ስም ተቀምጠው ሲታዩ ልዩነታቸው አይታወቅም። ስለዚህ ልምድ ያለው ቴላዮ ሠሪ ከማኅደር ያወጣውን ሞዴል ከመቀበሉ በፊት አምራቹ በሰነዱ ባወጣቸው ሦስት አራት ቁጥሮች ይፈትነዋል፤ ከዓይን እስከ ዓይን፣ ጭመቃው፣ የዓይኑ ስፋት፣ የገላው ውፍረት። ቁጥሮቹ ከተገጣጠሙ የቀረውን በጥንቃቄ ያምናል፤ ካልተገጣጠሙ ፋይሉን ይዘጋና ካሊፐሩን ያነሣል። በማኅደሮቹ ውስጥ ከ2016 በፊት የተለካ ብዙ ሞዴል አሁንም ዓመቱ ሳይጻፍበት ተቀምጦ ይገኛል፤ የዓይኑ ቀዳዳ 12.7፣ ርዝመቱ 200፣ ጭመቃው 57።